ፋርማሲ አንደኛ ዓመትን ጨረስኩ፤ በምደባ የገባችሁ ልጆች አንብቡት

የተክልዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ፋይናል ተፈትኜ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው አምና ልክ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። «አንደኛ ዓመት» ስል የፋርማሲውን አንደኛ ዓመት ማለቴ ነው። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ፍሬሽማን እንደሚማር ታውቃላችሁ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ... ምደባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔም ታሪክ የሚጀምረው ከምደባው ነው።

አንደኛ ምርጫዬ ሕክምና ነበር። ሁለተኛውን የሞላሁት ፎርሙ ባዶ እንዳይሆን ነው። ስሜ ፋርማሲ ላይ ወጣ። ለአባቴ ደወልኩለት። ዝም አለ። ከዚያ «አይዞሽ፣ እሱም ጤና ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ግን «እሱም» የምትለዋ ቃል ሦስት ወር ሙሉ ከውስጤ አልወጣችም። ክፍል ውስጥ ዞር ብዬ ሳይ ግማሹ ልጅ እንደኔ ነው። ሁሉም የሕክምና ልጆች ጋውን ለብሰው ሲያልፉ በዓይኑ ይሸኛቸዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በግማሽ ልብ ተማርኩት። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። (ቅደም ተከተሉ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።) ከቴሌግራም ያወረድኩትን ፒዲኤፍ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ቸክዬ እገባለሁ፣ ተፈትኜ እወጣለሁ፣ እረሳዋለሁ። ያ ግማሽ ዓመት አሁን ይቆጨኛል።

የቀየሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው አንዲት ነጥብ ናት። የመድኃኒት ስሌት ኩዊዝ ላይ መልሴን «.5 ሚሊ ግራም» ብዬ ጻፍኩ። ሒሳቡ ልክ ነው። አስተማሪያችን በቀይ አክብቦ ዜሮ ሰጠኝ። ተናድጄ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀበለኝና ነጥቧን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሸፈናት። «አሁን አንብቢው» አለኝ። አምስት ይላል። «ነርሷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በደከመ ዓይን ነጥቧን ሳታያት ብታልፍ፣ በሽተኛው አሥር እጥፍ ይወስዳል» አለኝ። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፋል፤ 0.5። ከነጥብ በኋላ ደግሞ ትርፍ ዜሮ አይጻፍም፤ 5.0 ተብሎ ከተጻፈ 50 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። እስከዚያ ቀን ስሌት ማለት ለእኔ ማርክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ማየት ጀመርኩ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ «ግሉኮስ ተሰካለት» ይላል አይደል? አንዳንዴ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጨውና ውሃ ብቻ ነው። 0.9 በመቶ፤ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው። ለምን 9? ለምን ዝም ብሎ ንጹህ ውሃ አይሰጥም? ንጹህ ውሃ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ቀይ የደም ሴሎቹ ውሃውን ይጠጡና አብጠው ይፈነዳሉ። ጨው ከበዛ ደግሞ ተጨምድደው ይሟሽሻሉ። የሰው ሕይወት 9 ግራም ላይ ቆሟል። ይህን ያነበብኩት 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ቆየሁ።

ሁለተኛው ላብራቶሪ ነው። እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ለጭርት የሚቀባ ዊትፊልድ የሚባል ቅባት አለ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ቤንዞይክ አሲድ 6 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ 3 በመቶ። 100 ግራም ለመሥራት 6 ግራም፣ 3 ግራም፣ የቀረው 91 ግራም ማዋሐጃው ቅባት። ወረቀት ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሚዛኑ ጋ ስትደርሱ ግን ሌላ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ነፋሱ የሚዛኑን ቁጥር ያወዛውዘዋል። 3.00 ይላል፣ 3.02 ይላል፣ 2.99 ይላል። ትንፋሽ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ሳሊሲሊክ አሲዱ እንደ ላባ የቀለለ ዱቄት ነው፤ ብን ብሎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ያስነጥሳል።

እኔ ቸኮልኩ። ዱቄቱን በሙሉ ባንዴ ቅባቱ ላይ ደፋሁትና ማሸት ጀመርኩ። ነጭ፣ የሚያምር ቅባት ወጣልኝ፤ ወይም መሰለኝ። ረዳት አስተማሪዋ መጣች። በስፓቹላ ጫፍ ትንሽ ወስዳ የእጄ ጀርባ ላይ ቀባችና «እሺው» አለችኝ። እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ምንም አላለችም። የቆሻሻ መጣያውን ብቻ ጠቆመችኝ።

ድጋሚ ስሠራው እናቴ ሽሮ ስትሠራ ታሰበችኝ። ዱቄቱን ባንዴ ከደፋችሁት ይጓጉላል። ትንሽ ዱቄት፣ ትንሽ ቅባት። ሲዋሐድ ያንኑ ያህል መጨመር። እንደገና ያንኑ ያህል። ሙቀጫውን ጥግ ጥጉን መጥረግ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ክንዴ ዝሎ ነበር። የእጄ ጀርባ ላይ ስቀባው ምንም አልቆረቆረኝም። ያን ቀን ከሜክሲኮ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ሰንጋ ተራን ሳልፍ ጣቶቼን ደጋግሜ አሸት ነበር፤ ልስላሴው አልጠፋም።

ሦስተኛው ማንኪያ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያሉ እትዬ የልጅ ልጃቸው ታሞ ሽሮፕ ታዝዞለት ነበር። ጠርሙሱ ላይ «1 ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» የሚል ተጽፏል። «በየትኛው ነው የሚሰጡት?» አልኳቸው። የሾርባውን ማንኪያ አመጡልኝ። ከላብራቶሪ የያዝኩት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነበረኝ፤ ቤት ያሉትን ማንኪያዎች ሁሉ ሰብስበን ውሃ እየሞላን ለካን። የቡና ስኳር ማማሰያዋ 3 ሚሊ ሊትር ያዘች። የሻዩ 5 ግድም። የሾርባው 12! ትእዛዙ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ሕፃኑ ሁለት ቀን ከእጥፍ በላይ ሲወስድ ነበር። ደግነቱ ምንም አልሆነም። እትዬ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። መድኃኒቱ የተሸጠበትን ቤት ስም አልጠራም። የሸጠው ሰው ግን አንድ ደቂቃ ወስዶ «በየትኛው ማንኪያ?» ቢል ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሕክምና የገቡ ጓደኞቼን አሁንም አከብራለሁ። እኔ ግን ፎርሙ ዛሬ ተመልሶ ቢሰጠኝ ፋርማሲን አንደኛ እሞላለሁ። በምደባ ገብታችሁ ክረምቱን እያዘናችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ

የተክልዬ ልጅ፣ ተባረኪ። የሚዛኑን ነገር ሳነብ የራሴ ላብራቶሪ ታወሰኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንደኛ ዓመት ላይ ብዙ ልጅ የመድኃኒት ስም ያስፈራዋል። «ይህን ሁሉ ስም እንዴት ልሸምድድ ነው?» ይላል። አትሸምድዱ። ስሞቹ እንደ ሰው ስም የአባት ስም አላቸው፤ ጅራታቸውን እዩ። «ፕራዞል» ብሎ የሚያልቅ ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፦ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል። «ኦሎል» የሚለው የልብ ምት ያረጋጋል፦ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል። «ፕሪል» የደም ግፊት ነው፦ ኢናላፕሪል። «ሲሊን» ካለ ፔኒሲሊን ቤት ነው፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ከመጣ አሞክሳሲሊንንም አትሰጡትም። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ቀደም ብሎ የነገረኝ ሲኒየር ቢኖር ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር።

ሌላው፣ ብቻችሁን አታንብቡ። እኛ አራት ሆነን ነበር። አንዱ ያስረዳል፣ ሦስቱ ያፋጥጡታል። ማስረዳት ያቃተህ ቦታ ያልገባህ ቦታ ነው።

የልጅቷ እናት

ልጆች እንደምን ናችሁ። ይህን ጽሑፍ ልጄ ናት ስልኬ ላይ የከፈተችልኝ። እሷም በምደባ ፋርማሲ ደርሷታል። ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ምግብ አትበላም፣ ከክፍሏ አትወጣም። አባቷ በግል ኮሌጅ ከፍለን ሕክምና እናስገባት ይላል። ብድር ገብቶም ቢሆን። እኔ ትምህርቴ እስከ 8ኛ ክፍል ስለሆነ ምን እንደምመክራት አላውቅም። ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እናትሽ ብሆን ኖሮ ምን እንድልሽ ትፈልጊ ነበር?

የተክልዬ ልጅ

እናቴ፣ ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ዕዳ ውስጥ ስለመግባት እኔ የምናገረው የለኝም፤ የቤታችሁን አቅም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እንደ ልጅ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ያኔ የፈለግኩት «ፋርማሲም ጥሩ ነው» እንዲሉኝ አልነበረም። እንዳዝን እንዲተዉኝ ነበር የፈለግኩት። አክስቴ ነች የገባት። አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ቡና አፈላች፣ ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀን «ግን ፋርማሲ ምን ምን ይማራሉ?» አለችኝ። አላውቀውም ነበር! የጠላሁትን ነገር አላውቀውም ነበር። እሷ ስለጠየቀችኝ ሄጄ የሥርዓተ ትምህርቱን ወረቀት ፈለግኩ።

ልጅዎ አንድ ሴሚስተር ትማረው። ቢቻል ላብራቶሪ እስክትገባ ትጠብቅ። ከዚያ በኋላም ልቧ ሕክምና ላይ ከሆነ ያኔ ተነጋገሩ። አሁን ኀዘን ላይ ሆና የምትወስነው ውሳኔ የእሷ አይሆንም፤ የኀዘኗ ነው።

እኔን ማናገር ከፈለገች እዚሁ ትጻፍልኝ።

ኦርጋኒክ ያቃጠለኝ

እኔ በምደባው አላዘንኩም፤ ራሴ መርጬ ነው የገባሁት። ግን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ዲ አገኘሁ። ዋርኒንግ ጫፍ ላይ ነኝ። ያ ስድስት ጎን ቀለበት ሲሳል ዓይኔ ይጨልማል። መድኃኒት ለመስጠት ይህን ሁሉ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? ከልቤ ነው የምጠይቀው። ጥቅሙ ቢገባኝ ልፋቱን አልጠላውም።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ለእኔ የገባኝ ታሊዶሚድ በሚባል መድኃኒት ታሪክ ነው።

እጆችህን እያቸው። ግራና ቀኝ አንድ ናቸው፤ አምስት ጣት፣ አንድ መዳፍ። ግን የግራውን ጓንት ቀኝ እጅህ ላይ ብታደርገው አይገባም። አንዳንድ ሞለኪውሎችም እንደዚያ ናቸው። አተሞቻቸው አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ሰውነታችን ደግሞ እንደ ጓንት ነው፤ ግራና ቀኙን ይለያል።

ታሊዶሚድ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አውሮፓ ውስጥ ለእንቅልፍና ለእርጉዝ ሴቶች የማቅለሽለሽ ስሜት ይሰጥ ነበር። ሁለቱም ቅርጾቹ አብረው ነበሩበት። አንደኛው ያስተኛል፣ ሌላኛው ጽንሱን ይጎዳል ተብሎ ይገለጻል። አንዱን ለይተህ ብትሰጥም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሌላው ይለወጣል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ ተወለዱ። በ1961 ከገበያ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ግን ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት ገምጋሚ «መረጃው አልበቃኝም» ብላ ፈቃድ ከልክላ ስለነበር ብዙ ሕፃናት ተረፉ። ኩባንያው ደጋግሞ ጨቅጭቋታል። አልፈረመችም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ካርበን ላይ አራት የተለያዩ ነገሮች ተሰክተው ሳይ እጄን አያለሁ። አንተም እንደዚያ ሞክር። ክብሪት እንጨትና ጭቃ ይዘህ ሞለኪውሉን ሥራው። ወረቀት ላይ ያልገባህ በእጅህ ስታዞረው ይገባሃል። የአሪፍ ተማሪ ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ከማድረግ ይሻላል።

ዲ ደግሞ መጨረሻ አይደለም። እኔ ባዮኬሚስትሪ ደግሜያለሁ።

ባንኮኒው ጀርባ

ስምንት ዓመት መሐል ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። እህቴ ጽሑፍሽን ወደድኩት። ስለ ማንኪያው የጻፍሽው ላይ ግን የማልስማማበት አለ።

«አንድ ደቂቃ ወስዶ ቢጠይቅ» ብለሻል። ልክ ነሽ። ግን ባንኮኒው ጀርባ ቁሚና እዪው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሳይዝ ይገባል። አሥራ አምስት ሰው ይቆማል። አንዱ ማዘዣውን ዘርግቶ «ግማሹን ብቻ ስጠኝ፣ ብር አልያዝኩም» ይላል። አንቲባዮቲክ በግማሽ አይሸጥም ብለሽ ስታስረጂ ከኋላ ያለው «እባክህ ቶሎ በል» ይላል። አንዲት እናት «ባለፈው የሰጠኸኝን ቢጫዋን ኪኒን» ትልሻለች። የትኛዋን ቢጫ? ይህን ሁሉ ስትሠሪ ድካምሽ ከማንም አያንስም። ስለዚህ ስህተቱ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ቸልተኝነት ብቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

ይህን ስል ራሴን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። እኔም «1 ማንኪያ» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ላይ «5 ሚሊ» ብዬ እጽፋለሁ። ከሽሮፑ ጋር ሲሪንጅ እሰጣለሁ፤ 5ቱ መስመር ላይ በእስክሪብቶ ወፈር አድርጌ አሰምርበታለሁ። ከዚያ እናትየዋን «እስኪ አሳይኝ» እላታለሁ። እኔ ስናገር ሁሉም «እሺ» ይላል። አሳይኝ ስል ነው ያልገባው የሚታወቀው። የዱቄት ሽሮፕ ከሆነ ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ድረስ፣ በደንብ መነቅነቅ፣ ከተበጠበጠ በኋላም ስንት ቀን እንደሚቆይ መንገር። አንዱን ጠርሙስ ለወንድም ለእህት አስቀምጠው ከወር በኋላ የሚሰጡ አሉ።

ሌላም ልንገርሽ። «በቀን ሦስቴ» ስትይ ሰው ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ነው የሚሰማው። ለአንቲባዮቲክ በየ8 ሰዓቱ ማለትሽ ከሆነ በሰዓት ንገሪው፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። በእኛ ሰዓት ንገሪው፤ ወረቀቱ ላይም በእኛ ሰዓት ጻፊለት። በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈለትን ወረቀት አንብቦ ስድስት ሰዓት አዛብቶ የወሰደ ሰው አውቃለሁ።

የተክልዬ ልጅ

ጋሼ፣ እርማትዎን ተቀብያለሁ። ያን ሰው ሳላየው ፈርጄበታለሁ። «እስኪ አሳይኝ» የምትለዋን ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ። አስተማሪዎቻችን ይህን ገና አላስተማሩንም።

ተመርቄ የተቀመጥኩ

ሁላችሁም የምትሉት ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው እውነቱን ይናገር።

ፋርማሲ ተመርቄ አሥራ አራት ወር ሥራ ፈልጌያለሁ። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ እሱን ካላለፍክ ዲግሪህን አትይዝም፤ 50 በመቶ ማምጣት አለብህ። ከዚያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ የሙያ ፈቃድ ያለ እሱ የለም። ሁለቱንም ጨርሼ ሲቪዬን ይዤ ከቦሌ እስከ ጦር ኃይሎች ዞርኩ። ወይ «ልምድ» ይሉኛል፣ ወይ የሚሰጡኝ ደሞዝ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ተማሪ ሆኜ ቅባት ሳሽ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጅቷ እናት ልናገር የምፈልገው ይህንን ነው፦ ፍቅሩ ብቻውን አያበላም፤ ልጅዎ ስትወስን ይህንንም አውቃ ትወስን።

ባንኮኒው ጀርባ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። አንድም ቃል አልቀንስበትም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዞርከው መድኃኒት ቤት ብቻ ነው? የእኛ ልጆች ሲመረቁ ሁሉም ባንኮኒ ላይ ነው ዓይናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ዋርድ እየዞረ የመድኃኒቱን መጠንና የእርስ በርስ ግጭት የሚያይ ክሊኒካል ፋርማሲስት አለ። መድኃኒት ፋብሪካዎች አሉ፤ የጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪያቸው ፋርማሲስት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ግዥና ክምችት ይሠራል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባና ቁጥጥር ይሠራል። አስመጪዎች የምዝገባ ሰነድ የሚያዘጋጅላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ከአዲስ አበባ መውጣት የሚችል ደግሞ ሌላ በር አለው፤ እኔ የመጀመሪያ ሁለት ዓመቴን ክልል ነው የሠራሁት፣ የማውቀውን ግማሹን እዚያ ነው የተማርኩት።

ቀላል ነው አላልኩም። ሲቪህን እዚሁ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ የማውቃቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፣ እጠይቅልሃለሁ።

ተመርቄ የተቀመጥኩ

ልኬልዎታለሁ። አመሰግናለሁ። አስመጪዎቹን አላሰብኳቸውም ነበር።

የጤና አዳም ሽታ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፣ ፋርማኮግኖሲን ማንም ሳያነሳው ይህ ውይይት ማለቅ የለበትም!

አንደኛ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ ይህ ኮርስ ሲመጣ በደስታ ጠብቁት። ከዕፅዋትና ከተፈጥሮ ስለሚገኝ መድኃኒት ነው። አያቴ ለኮሶ በሽታ የኮሶ አበባ ትጠጣ እንደነበር ትነግረኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያው ኮሶ በሳይንስ ስሙ ሲመጣ ማመን አቃተኝ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ሁሉም አሉ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያ ጥናት ላይ እያሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምተው ተውሳክ ደግሞ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ስንት ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል? ስንት እናት እዚያ አጥባለች? ቆም ብለው ያዩት እሳቸው ናቸው። በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን። ይህን ኮርስ የተማረ ልጅ ቤት ገብቶ ለሰው ቅጠል ማዘዝ ይጀምራል። እንዳታደርጉት። ኮሶም ሲበዛ መርዝ ነው፤ የአያቴ ልኬት በእፍኝ ነበር፣ የእኛ በግራም ነው።

የልጅቷ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የጻፋችሁትን ልጄ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። ማንኪያው ጋ ስትደርስ ተነስታ ጓዳ ገባች። ማንኪያዎቼን ሁሉ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሲሪንጅ ስለሌለን ከሕፃን ሽሮፕ የተረፈች ምልክት ያላት ክዳን አገኘች። የእኛ የሾርባ ማንኪያ 10 ሆነ። ከዚያ እራት በላች።

አባቷም ሥራ ፈትቶ የነበረው ልጅ የጻፈውን አንብቧል። ዝም ብሏል። አንድ ሴሚስተር ትሞክረው ብለናል። መስከረም ላይ ምን እናዘጋጅላት? ጋውን ያስፈልጋል ብላኛለች። ነገ መርካቶ ልንወርድ ነው።

የተክልዬ ልጅ

እናቴ፣ እልል ብያለሁ እዚህ!

ጋውኑ እጀ ረጅም ይሁን፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ይበል። ጥጥ ይሁን። ናይሎን የበዛበት ጨርቅ እሳት አጠገብ ጥሩ አይደለም፣ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጋዴው «ይሄም ጥጥ ነው» ካለዎት ጨምድደው ይልቀቁት፤ ጭምድዱ ቶሎ ከተዘረጋ ጥጥ አይደለም። ሁለት ቢገዙላት ይሻላል፤ ሐሙስ ላብራቶሪ ካላት ረቡዕ ማታ ያጠበችው በክረምት አይደርቅላትም።

ካልኩሌተር ቀላሉ ሳይንቲፊክ ይበቃል፤ ስልክ ፈተና ላይ አይገባም። አናቶሚ መጽሐፍ አሁን አትግዙ፣ ከሲኒየር ይገኛል፤ የእኔን አውሳታለሁ። ጫማዋ ፊቱ የተሸፈነ ይሁን፤ በነጠላ ጫማ ላብራቶሪ አያስገቡም። ጸጉሯ ረጅም ከሆነ ደግሞ ጥቁር ላስቲክ፣ ብዙ ላስቲክ። እኔ በየሳምንቱ ነው የሚጠፋብኝ።